ያልመጣው አጥቂ ውለታ

ሐዘን ሁሉ እኩል አይከበርም። በሬ የሞተበት፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ልጁ ፈተና የወደቀበት ሰው ጎረቤት ይሰበሰብለታል፤ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ይባላል። ክለቡ ሊያስፈርመው የነበረ አጥቂ በመጨረሻዋ ሰዓት ሌላ ክለብ የገባበት ሰው ግን ምሳውን ሳይነካ ቢውል፣ ከባለቤቱ ጋር ሳይነጋገር ቢያመሽ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ የሚመጣለት የለም። ይባስ ብሎ «አንተን ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሰው ጥብቅና ይቆማል።

«ምን አገባህ?» የሚለው ጥያቄ የሚያጋልጠው ጠያቂውን ነው። በሚያገባው ነገርማ ማንም ያዝናል፤ ኪሱ የተነካ ሁሉ ይጮሃል። ከሳሪስ ሳይንቀሳቀስ በሐሳቡ ሰሜን ለንደን ድረስ ተጉዞ፣ አንድ አግኝቶት የማያውቀው አሜሪካዊ ባለሀብት 70 ሚሊዮን ፓውንዱን ሳያወጣ በመቅረቱ የሚንገበገብ ሰው ግን ከራስ ወዳድነት ፈጽሞ ተላቋል። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ አልተጭበረበረም፤ እዚያው ባለቤቱ ኪስ ውስጥ በሰላም አለ። ያቃጠለውም ይኸው ነው። የሰው ሀብት ሲባክን ማዘን ተራ ደግነት ነው። የሰው ሀብት ሳይባክን ሲቀር ማዘን ግን ልዩ አስተዳደግ ይጠይቃል።

ሐዘኑ የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እኛም ዓመቶቹን በዚያው እንያዝ። በ2013 ክረምት አርሰናል ለሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ ዋጋ አቀረበ። የተጫዋቹ ውል ውስጥ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ የበለጠ ዋጋ ከመጣ በሩ ይከፈታል የሚል አንቀጽ እንዳለ ሰምቶ ነበርና፣ አርሰናል በለጠ፤ 40,000,001 ፓውንድ አቀረበ። የሊቨርፑል ባለቤት ጆን ሄንሪ በአርሰናል ስታዲየም በኤሚሬትስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን እያጨሱ እንደሆነ በትዊተር ጠየቁ፤ ሱዋሬዝም እዚያው ቀረ። የአዲስ አበባው የአርሰናል ደጋፊ ስለዚያች አንድ ፓውንድ እስከ ዛሬ ሁለት አቋም አለው፤ ሁለቱም ጽኑ ናቸው። አንደኛው፣ ክለቡ ስስታም ባይሆን ኖሮ ሁለት ፓውንድ ጨምሮ ሰውየውን ይወስደው ነበር። ሁለተኛው፣ ሊቨርፑል ሕግ የሚያከብር ክለብ ቢሆን ኖሮ አንዷም ትበቃ ነበር።

በዚያ የውድድር ዓመት ሱዋሬዝ በሊጉ 31 ጎል አገባ። ደጋፊያችን እነዚህን ጎሎች በጥንቃቄ ከሊቨርፑል 101 ጎል ላይ ቀንሶ በአርሰናል ጎል ላይ ደምሯቸዋል። ኦሊቪዬ ዢሩድ በዚያው ዓመት ያገባቸው 16 ጎሎችም በስሌቱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ሱዋሬዝ ስለመጣ አንድም አልተነካባቸውም። ሁለቱ በአንድ ቦታ እንዴት ይሰለፋሉ የሚለው የአሰልጣኙ ጉዳይ ነው፤ ሂሳብ ሠሪ በሰው ሥራ ጣልቃ አይገባም። ውጤቱ አከራካሪ አይደለም። አርሰናል በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ነበር። ዋንጫውን ማንቸስተር ሲቲ የወሰደው እንዲህ ያለው ስሌት እስከ ዛሬ በሊጉ ደንብ ውስጥ ስላልገባ ብቻ ነው።

ተሳላቂዎች እዚህ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ይወዳሉ። ተረቱን የተረተው ሰው ግን ላሟን በቅጡ አላሰበባትም። በሰማይ ያለች ላም ገለባ አትጠይቅም። ገመድ በጥሳ የሰው ማሳ አትገባም፤ ዳኛ ፊት አታስቆምም። ነጠፈች ተብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ወተቷን ያየ የለም፤ ስለዚህም ወተቷ ቀጠነ ያለ ሰው የለም። የምድሯን ላም ያረባ ገበሬ ከእነዚህ በጎነቶች አንዱን እንኳ በበረቱ አግኝቶ ከሆነ ይናገር።

ያልተገዛ ተጫዋችም በዚሁ ማዕረግ የሚገኝ ፍጡር ነው። አርሰናል ብቻውን ሊያመጣቸው ተቃርቦ ከቀሩት ሰዎች አንድ አስፈሪ ቡድን ይወጣል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ አለ፤ በ2003 አሰልጣኙ ቬንገር ሲያነጋግሩት ቆይተው ማንቸስተር ዩናይትድ በ12 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አፈፍ አደረገው። ዝላታን ኢብራሂሞቪች አለ፤ በ2000 የአርሰናልን ማሊያ ይዞ ፎቶ ከተነሣ በኋላ «መጀመሪያ ሙከራ አድርግ» ሲሉት ዝላታንን ማን ይሞክራል ብሎ ሄደ። ጄሚ ቫርዲ አለ፤ በ2016 ክረምት ቀርበውለት ክለቤ ሌስተር ይሻለኛል አለ። ሱዋሬዝን ደግሞ አንሥተናል። ይህ ቡድን ተሸንፎ አያውቅም። ጉዳት የለበትም፤ ቀይ ካርድ አላየም፤ ለአፍሪካ ዋንጫ ጥሎ አይሄድም። በ2003/04 ሊጉን ሳይሸነፍ የጨረሰውና ዓለም እጁን አፉ ላይ የጫነለት እውነተኛው የአርሰናል ቡድን እንኳ 12 ጊዜ አቻ ወጥቷል። ያልመጡት አንድም ጊዜ አቻ አልወጡም።

ነገሩ የአርሰናል ብቻ እንዳይመስል ማድሪድንም እንይ። በ2015 የኦገስት የመጨረሻ ቀን ሪያል ማድሪድ የማንቸስተር ዩናይትዱን ግብ ጠባቂ ዴቪድ ዴሂያን ሊያስፈርም ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ወረቀቱ የዝውውር መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ደረሰ ተባለና ቀረ። በምትኩ ወደ ማንቸስተር ሊሄድ ሻንጣውን ያሰናዳው የማድሪዱ ግብ ጠባቂ ኬይለር ናቫስም ቀረ። ሁለቱ ክለቦች «ያዘገየኸው አንተ ነህ» እየተባባሉ መግለጫ አወጡ። መላው አውሮፓ በእነዚህ ሀብታም ክለቦች ጽሕፈት ቤት አሠራር ሲደነቅ፣ ማህተም ያዡ ለስብሰባ ወጥቷል ተብሎ ሳምንት የተመላለሰ ኢትዮጵያዊ ግን ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የማድሪድ ደጋፊ ለዴሂያ አለቀሰ። ክለቡም በግድ በቀረው በናቫስ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ። ችኩል ሰው ከዚህ ተነሥቶ የዴሂያ መቅረት ማድሪድን አልጎዳም ይል ይሆናል። የጠለቀ ደጋፊ እንዲህ አይቸኩልም። ዴሂያ ቢመጣ ኖሮ ማድሪድ በእነዚያ ሦስት ዓመታት አምስት ዋንጫ ያነሣ ነበር ይላል። በሦስት ዓመት አምስት የሚነሣው እንዴት ነው የሚል ሰው፣ ዴሂያ በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ግብ ጠባቂ እንደነበር ያላየ ሰው ነው።

አንድ ያየሁትን ላሳያችሁ። በ2023 ጃንዋሪ፣ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች በአንዱ ቆሜ ሳለሁ፣ ኮታቸው ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠሉ ጠና ያሉ ሰው በፌስታል የአርሰናል ማሊያ ይዘው ገቡ። ስም የሚያትመው ልጅ ማሽኑን አሙቆ ጠበቃቸው።

«ምን ልጻፍልዎት ጋሼ?»

«ሙድሪክ።»

ልጁ ፊደሎቹን ከመሳቢያው እየለቀመ ቆም አለ። «ጋሼ፣ ገና አልፈረመም እኮ።»

«አውቃለሁ። አንተ ጻፍ፤ እነሱ ይፈርማሉ።»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩን ክለቡ ይወስናል። በሥልጣናቸው አንገባባቸውም።»

ስሙ ታተመ፤ ከስሙ በታች ያለው ባዶ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ ቼልሲ ለሻክታር ዶኔትስክ 70 ሚሊዮን ዩሮ በእጅ፣ እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርስ ደግሞ እየታየ የሚከፈል ብሎ ሚካይሎ ሙድሪክን ለስምንት ዓመት ተኩል አስፈረመ። በዚያው ሰሞን አርሰናል ሊያንድሮ ትሮሳርን ከብራይተን በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አመጣ። ልጁ ደንበኛ አክባሪ ነውና፣ ሰውየው በደጁ ሲያልፉ ጠርቶ የድሮውን ስም አንሥቶ ትሮሳር ብሎ በነጻ ሊያትምላቸው ጠየቃቸው። እሳቸው ለአፍታ አሰቡበት።

«ትሮሳርማ መጥቷል» አሉትና ሄዱ።

በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ያለውን የአስተሳሰብ ጥራት ለማግኘት ሌሎች ሕዝቦች ዩኒቨርሲቲ ይከፍታሉ። ትሮሳር መጥቷል፤ ስለዚህ ስሙን መሸከም የራሱ ፋንታ ነው። በየሳምንቱ ይሰለፋል፣ ጎል ያገባል፣ ጎል ያቀብላል፤ ስለ እርሱ ቡና ተጠርቶ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ሙድሪክ ግን ደጋፊው ልብ ውስጥ በቀይ ማሊያ በግራ መስመር ገና እየሮጠ ነው። በሰማያዊ ማሊያ ያሳየው ነገር በዚህ ሩጫ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም፤ ያ ሌላ ክለብ ውስጥ የተከሰተ፣ እኛን የማይመለከት ጉዳይ ነው።

ወደ ዋጋ ልለፍ፤ ደጋፊያችን ከሐዘንተኛነት ወደ ሊቅነት የሚሸጋገረው እዚህ ላይ ነውና። የተጫዋችን ዋጋ የሚያውቁት ክለቦች አይደሉም። ክለቦች መልማይ ይልካሉ፣ ሐኪም ያስመረምራሉ፣ ጠበቃ ያቆማሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስላላወቁ ነው። ደጋፊ ስልኩን ከፍቶ ስሙን እንዳየ ያውቃል። ትራንስፈርማርክት የተባለው የጀርመኖች መዝገብ የዓለምን ተጫዋቾች ዋጋ የሚተምነው በተራ እግር ኳስ ወዳዶች ክርክር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ዛሬ ጋዜጠኛውም ወኪሉም ይጠቅሰዋል። የእኛ ሰው በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ አለው፤ የክለቡን ተጫዋቾች አሳንሶ፣ የሌላውን አግንኖ ይጽፋል።

የደጋፊው የዋጋ ሕግ ቀላል ነው። ስንገዛ ተጫዋቹ 30 ሚሊዮን ያወጣል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ጉልበቱን ታሟልና፣ ሊጉም ደካማ ነውና። እኛ ስንሸጥ ያው ዓይነት ሰው 80 ያወጣል፤ ልምድ አለውና፣ ወንበር ላይ በማረፉም ጉልበቱ አላለቀምና። የልውውጥ ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ይህ ሕግ ወደ ምጽዋት ከፍ ይላል። ሁለት የማይሰለፉ ተከላካዮች፣ አንድ ከውሰት የተመለሰ የክንፍ ተጫዋችና 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጥቶ የተቀናቃኙ ክለብ አምበል ይወሰድ የሚል ሐሳብ በየቡና ቤቱ ሲቀርብ እሰማለሁ። «እነሱ ምን በወጣቸው?» የሚል ሰው አለ። ለእኛ ያልጠቀሙን ሦስት ሰዎች ለሌላው አይጠቅሙም ብሎ መደምደም የሰውን ልጅ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ የተቀናቃኙ አሰልጣኝም የማዳን ዕድል ሊነፈግ አይገባም።

የሞይሰስ ካይሴዶን ነገር ያስታወሰ ይህን ሕግ አይጠራጠርም። ብራይተን በ2021 ከኢኳዶር ያመጣው 5 ሚሊዮን ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ ነው። በ2023 ጃንዋሪ አርሰናል ለእርሱ መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ማቅረቡ ሲሰማ ደጋፊያችን ከወንበሩ ተነሥቶ «ይሄማ የቀን ዘረፋ ነው!» አለ። ብራይተን እምቢ አለ። በኦገስት ሊቨርፑል 111 ሚሊዮን ብሎ ተስማማ፤ ቼልሲ ደግሞ 115 ብሎ ከእጁ ላይ ወሰደው። ደጋፊያችን በዚያው ወንበር፣ በዚያው ማኪያቶ ፊት፣ «በ70 ሲሰጡን ዝም ያልን እኛ ምን ዓይነት ክለብ ነን?» አለ። ብራይተን በ70 አልሰጥም ብሎ እንደነበር ማስታወስ የሚፈልግ ሰው ያስታውስ። ዋናው ነገር ዋጋው ውድ ወይም ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው ሌላው ከገዛው በኋላ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ አስተያየት ሁሉ ግምት ነው፤ ሰውም በግምቱ አይጠየቅም።

የማንቼ ዩናይትድ ወገን ደግሞ በ2022 አንድ ክረምት ሙሉ ፍሬንኪ ዴዮንግን ሲጠብቅ ከረመ፤ ዴዮንግ ከባርሴሎና አልንቀሳቀስም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች በብራይተን 2 ለ 1፣ በብሬንትፎርድ 4 ለ 0 ሲሸነፉ ደጋፊው «ቦርዱ ሳንቲም ይቆጥራል፤ ክፈሉ!» ብሎ ጮኸ። ቦርዱ ለሕዝብ ድምፅ ጆሮ ያለው ቦርድ ነው። ለአያክሱ አንቶኒ 95 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ፤ እየታየ የሚከፈል 5 ሚሊዮንም ጨመረ። አንቶኒ በ2025 ለሪያል ቤቲስ ሲሸጥ የተገኘው 25 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ደጋፊው «እሱን በ95 የገዛው ማነው?» ሲል በሚገባ ጠየቀ። እስካሁን ክፈሉ ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ የወጣ ሰው ስለሌለ ምርመራው ክፍት ነው።

ከሁሉ የሚረቀው ግን ማካፈል ነው። ክለቦች የአንድን ተጫዋች ዋጋ በመዝገብ ሲያሰፍሩ በውሉ ዓመታት ያካፍሉታል፤ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ለአምስት ዓመት ከተፈረመ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ብቻ ይጻፋል። ይህ የታወቀ የሂሳብ አሠራር ነው። ባለሙያዎቹ ግን እዚያ ላይ ያቆማሉ፤ ለምን እንዳቆሙ አይታወቅም። ደጋፊያችን ይቀጥላል። 20 ሚሊዮን በዓመት ማለት በቀን 55 ሺህ ፓውንድ አይሞላም። በሰዓት 2,300 አይሞላም። በደቂቃ 38 ፓውንድ ነው። «38 ፓውንድ የሌለው ክለብ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ጠፍቶ ጠረጴዛው ጸጥ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ውሉ በረዘመ ቁጥር ተጫዋቹ ይረክሳል። ቼልሲ በስምንት ዓመት ተኩል ውል ወደዚህ እውነት የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዶ ነበር፤ ለመቶ ዓመት ቢያስፈርም ኖሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን፣ ለሺህ ዓመት ቢያስፈርም መቶ ሺህ ፓውንድ ይደርስበት ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በ2023 ዋጋ ከአምስት ዓመት በላይ አይካፈልም ብሎ ወሰነ፤ የእንግሊዝ ክለቦችም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተከተሉት። ማባዛትን የከለከለ መንግሥት በታሪክ አላውቅም፤ ማካፈል ግን በእኛ ዘመን ተከለከለ።

የክረምቱ መስኮት የሚዘጋው በእኛ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚከፍልበት፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት ወቅት። ይህን እንደ መጥፎ አጋጣሚ የሚያዩ ሚስቶች አሉ። እኔ የማውቀው አንድ አባት ግን ሁለቱን አስታርቋል። የልጁን የምዝገባ ክፍያ ሊከፍል ሄዶ ገንዘብ ያዥዋን ልጁ እስከ 12ኛ ክፍል እዚሁ ስለሚማር ክፍያው ለ12 ዓመት ተካፍሎ ይመዝገብልኝ አላት። «ወንድሜ፣ ወረፋ አለ፤ እባክህ» ብላ ቀጣዩን ጠራች። የትምህርት ተቋሞቻችን ከዘመናዊ ሂሳብ ምን ያህል እንደራቁ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

«ይህን ሁሉ ጭንቅላት ለአገር ውስጥ ሊግ ለምን አታውሉትም?» የሚል ተቆርቋሪም ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፌዴሬሽኑና ክለቦቻችን የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅተው ነበር። ጣሪያ ያለው ነገር ላይ ምን ክርክር ይነሣል? የሰፈሩን ክለብ የግራ ተከላካይ ስም የማያውቅ ደጋፊ ንቀት የለበትም፤ ተጫዋቹ በሰላም ሥራውን እንዲሠራ ትቶታል። እንዲህ ያለ ትሕትና የቼልሲ የግራ ተከላካይ አግኝቶ አያውቅም።

ሊቨርፑል ላይ ልጨርስ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ተጠቃሎ ይገኛልና። በ2024 ክረምት ማርቲን ዙቢሜንዲን ከሪያል ሶሲዬዳድ ሊያመጡ ደርሰው ልጁ አገሬን አልለቅም አለ። ክለቡ ለዚያ ዓመት ያሰለፈው አዲስ ሰው ፌዴሪኮ ኬዛ ብቻ ነበር፤ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። የእኛ ሰፈር የሊቨር ደጋፊዎች «ዘንድሮ አለቀልን» ብለው መስከረምን በጨለማ ተቀበሉት። በዙቢሜንዲ ቦታ ራያን ግራቨንበርች ተጫወተ፤ በ2025 ኤፕሪል ሊቨርፑል አራት ጨዋታ እየቀረው የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ደጋፊዎቹ ዋንጫውን በደስታ ተቀበሉ፤ ግን የታመመ ነገር እንዳይድበሰበስ በዚያው ሳምንት የሚገዙትን ዝርዝር አወጡ።

ቦርዱ በዚህ ጊዜ አላሳፈራቸውም። ፍሎሪያን ቪርትዝ በ100 ሚሊዮን ፓውንድና በጭማሪ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቀጥሎ የአሌክሳንደር ኢሳክ ተራ ሆነ። ኢሳክ ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደ ነውና በየቡና ቤታችን «የኛ ልጅ» ሆኖ ሰነበተ። ክለቡ ኒውካስል ለ110 ሚሊዮን እምቢ ብሎ 150 ሲጠራ፣ የሐበሻ ልጅ በርካሽ እንደማይሄድ በማወቃችን ብዙዎቻችን ኮራን። ሊቨርፑልን የሚደግፉት ከመካከላችን በአንድ አፍ ዋጋው እንዲወደድም እንዲረክስም ተመኙ፤ ሁለቱንም ምኞት ከልባቸው ነበር። ሴፕቴምበር 1 በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈረመ፤ የእንግሊዝ ክብረ ወሰን። በዚያ ክረምት ክለቡ ያወጣው በጠቅላላ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ።

በዚያው ዕለት አንድ በደል ተፈጸመብን፤ ማለፍ የለበትም። ድሮ መስኮቱ የሚዘጋው በለንደን ከምሽቱ 11 ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። ደጋፊ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ስልኩን ከቻርጀር ሳይነቅል፣ ዶሮ እስኪጮህ ይጠብቅ ነበር፤ ጠዋት ሥራ ቦታ ቀይ ዓይኑን ይዞ ሲገባ የተከፈለ ዋጋ እንዳለ ይታይ ነበር። በ2025 እንግሊዞች መዝጊያውን ወደ ለንደን ምሽት 7 ሰዓት፣ ማለትም ወደ እኛ ምሽት 3 ሰዓት አመጡት። ራት ሳይቀርብ ሁሉም አለቀ። በሰላም የተኛ ሰው ነገ በምን አፉ ቦርዱን ይወቅሳል?

እንደ ዕድል ሆኖ ለወቀሳ የሚሆን አንድ ነገር ተረፈ። በዚያች የመጨረሻ ቀን ሊቨርፑል የክሪስታል ፓላሱን አምበል ማርክ ጉኤሂን በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ለመውሰድ ተስማምቶ ነበር፤ ፓላስ ምትክ ስላላገኘ በመጨረሻ ሰዓት አልሰጥም አለ። ከዚያ በኋላ ሊቨርፑል ከሴፕቴምበር 27 እስከ ኦክቶበር 25 በሊጉ አራት ጨዋታ ተከታትሎ ተሸነፈ፤ በፓላስ፣ በቼልሲ፣ በማንቸስተር ዩናይትድ፣ በብሬንትፎርድ። ከ400 ሚሊዮን በላይ የወጣባቸው ሰዎች ሜዳ ውስጥ ነበሩ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእነርሱ ሊሆን አይችልም። ሜዳ ውስጥ ያልነበረው ጉኤሂ ብቻ ነው። ይህን አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቁ፣ ቡናውን የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን እንደያዘች ጠየቀች፤

«እና እሱ ብቻውን አራቱንም ያሸንፍላችሁ ነበር?»

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ኳስ የአንድ ሰው ሥራ ነው እንዴ?» አላት ትልቁ። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረላት። ፓላስ ተሸንፏል፤ ምክንያቱም ጉኤሂ አይኖራቸውም። ቼልሲ ተሸንፏል። ዩናይትድማ ድሮም ተሸናፊ ነው። አራተኛዋ ጣት ላይ ሲደርስ ግን ሐቀኛ ሰው ነውና ቆም አለ።

«ለብሬንትፎርዱ» አለ «አንድ የግራ ክንፍ ያስፈልገናል። ጃንዋሪ ላይ።»